እማማ ውሃ መጠጣት ለምን ተዉ?

በሐምሌ ወር የጅቡቲ ከተማን አየር ያልቀመሰ ሰው፣ ሙቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ቢል ለማመን ያስቸግራል። በዚያ ወራት ከምዕራብ በኩል የሚነሣው፣ ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ በከተማይቱ ላይ ሲያርፍ፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። እንዲህ ባለው ከተማ ውስጥ ውሃ መጠጣት ጥምን የማርካት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕይወትን የማቆየት ጉዳይ ነው። እኛም ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ወደዚያች የወደብ ከተማ በተጓዝን ጊዜ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣን ቆጥረን አልዘለቅነውም።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብሮን የተጓዘ አንድ ጓድ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደን። እኒህ እናት ትውልዳቸው ድሬዳዋ ሲሆን፣ ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩት በጅቡቲ ከተማ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከወደቡ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ኑሯቸውን በሁለቱ አገሮች መካከል የመሠረቱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እማማም ከእነዚሁ መካከል አንዷ ናቸው። ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ ቀረበልን። ሁላችንም ደጋግመን ጠጣን። እማማ ግን ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡት። «እማማ፣ እርስዎስ አይጠጡም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔስ በቅቶኛል ልጆቼ፤ እናንተ ጠጡ» አሉን። ነገሩን እንደ እርጅና ልማድ ቆጥረን አለፍነው። የነገሩን ሥር ያወቅነው ልጃቸው እስከ ውጭ በር ድረስ ስትሸኘን ነበር።

ከአንድ ዓመት በፊት እማማ ሌሊት ተነሥተው፣ በግቢው ጫፍ ወደሚገኘው መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ፣ እግራቸው በእርጥቡ ሊሾ ላይ ከዳቸው። ለመያዝ የዘረጉት እጅ ያገኘው የውሃ ቧንቧውን ነበር። ቧንቧው ተነቀለ፤ እማማም ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ በጊዜው ቢጠገንም ፍርሃቱ ግን አልተጠገነም። ከዚያ ወዲህ እማማ ለማንም ሳይናገሩ ለራሳቸው አንድ መመሪያ አወጡ። ከቀትር በኋላ ውሃ በአፋቸው አይዞርም። «ቀን የጠጣሁት ሌሊት ያስነሣኛል፤ ሌሊት ከተነሣሁ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ ደግሞ ለልጄ ሸክም እሆናለሁ» የሚል ነበር ሒሳባቸው። በዚህ ሒሳብ ሲኖሩ በሰኔ ወር አንድ ቀን በተቀመጡበት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ የተገኘባቸው ሌላ በሽታ አልነበረም፤ ሰውነታቸው ውሃ አጥቶ ነበር። ግሉኮስ ተሰጣቸውና «ውሃ በብዛት ይጠጡ» ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይሁን እንጂ ያ የሚያስፈራቸው መጸዳጃ ቤት እንደነበረ ስለቆየ፣ ምክሩን በአክብሮት ሰምተው ልማዳቸውን ቀጠሉ።

ውድ አንባቢያን! ስለ መጸዳጃ ቤት በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንዱ ነውር መስሎ ሊታይ ይችላል። ትልልቆቻችን ስሙን እንኳ ላለመጥራት «ወገቤን ልሞክር» ወይም «ውጭ ልውጣ» እያሉ ያልፉታል። ይህ ጨዋነት የሚከበር ነው። ነገር ግን ጨዋነቱ ዝምታን ሲወልድ፣ ዝምታው ደግሞ አንዲትን እናት በውሃ ጥም ሲያስቀጣ፣ ጉዳዩን በግልጽ ማንሣት የቤተሰብ ግዴታ ይሆናል። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን ለአረጋውያን አደጋ የሌለውና የሚመች መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ በግል ቤትም ሆነ በአረጋውያን መጦሪያ ተቋማት ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ለመመልከት እንሞክራለን።

መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም

አንድ ወጣት ወታደር በቀን ስንት ጊዜ ይወድቃል? በልምምድ ሜዳ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ አቧራውን አራግፎ ይቀጥላል። ለአረጋዊ ግን አንድ መውደቅ የኑሮ መለወጫ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ። ሆን ተብለው ካልተፈጸሙ የአካል ጉዳቶች መካከል ሕይወት በመቅጠፍ ከመንገድ ትራፊክ አደጋ ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው መውደቅ ነው። በዚህም ሕይወታቸውን በብዛት የሚያጡት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው።

የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጭንና የባት ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ዓይን የጨለማና የብርሃን ልዩነትን ቶሎ አይለምድም፤ አጥንት ይሳሳል። ከመኝታ በድንገት ሲነሡ የደም ግፊት ዝቅ ስለሚል ራስ ይዞራል። ለደም ግፊት ወይም ለእንቅልፍ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ያባብሳሉ። እነዚህ ድክመቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈተኑት ደግሞ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ውሃና ሳሙና ወለሉን ያንሸራትታሉ፤ ቦታው ይጠብባል፤ መቀመጥና መነሣት፣ ልብስ ማውለቅና መልበስ፣ አንድ እግር አንሥቶ መታጠብ ግድ ይሆናል። በተለይም በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርጉ ሙስሊም አረጋውያን፣ ቆሞ አንዱን እግር ወደ እጅ መታጠቢያው ማንሣት በየቀኑ ደጋግሞ የሚመጣ ፈተና ነው።

ከስብራቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ነው። የወደቀ አረጋዊ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ጡንቻው ይበልጥ ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ዳግመኛ የመውደቁ ዕድል ይጨምራል። እማማ ደግሞ በዚህ ላይ ውሃን ጨመሩበት። ውሃ ያጣ ሰውነት ራሱ ራስን ያዞራል፤ ስለዚህ ላለመውደቅ ብለው የወሰዱት እርምጃ መልሶ ወደ መውደቅ የሚያደርስ ነበር። አበው «ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚሉት በዚህ ቦታ እውነት ይሆናል። ተግባራችን መሆን ያለበት ከውድቀት በፊት ነው።

ቤተሰብና መጦሪያ ተቋም

በእኛም ሆነ በጅቡቲ ሕዝብ ባህል አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ሆኖም ልጅ ያልወለዱ፣ ልጆቻቸውን በሞትና በስደት ያጡ፣ ወይም በድህነት ምክንያት ጎዳና የወጡ አረጋውያን በየከተማው መኖራቸው የታወቀ ነው። በዚህ ረገድ በአገራችን ስሙ በሰፊው የሚነሣው በአዲስ አበባ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በ2002 ዓ.ም. አቶ ቢኒያም በለጠ በወላጆቻቸው ቤት ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት የጀመሩት ይህ ሥራ፣ በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ድካም አድጎ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያስተናግድ ሆኗል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑም በሕዝቡ አፍ ገብቷል።

ብዙ አረጋውያን በአንድነት በሚኖሩበት ተቋም የመታጠቢያ ቤቱ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። በግል ቤት አንድ መታጠቢያ ቤት ለአንድ አረጋዊ ሁኔታ ተስተካክሎ ሊሠራ ይችላል። በተቋም ግን ያው ክፍል ዛሬ በምርኩዝ ለሚሄደው፣ ነገ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገፉት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አእምሯቸው ለሚዘነጋ እናት ማገልገል አለበት። ከዚህም ሌላ ረዳቱ ሠራተኛ በቀን ብዙ ሰው ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ስለሚውል፣ የቦታው ጥበት የረዳቱን ወገብ ይሰብራል። ወገቡ የታመመ ረዳት ደግሞ አረጋዊውን በደንብ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ በመጦሪያ ቤት የሚሠራ ጥሩ መታጠቢያ ቤት ተጦሪውንም ጧሪውንም ይጠብቃል።

ሕጉም ይህን ጉዳይ አልዘነጋውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ያስቀምጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነርሱ የሚመች መጸዳጃ እንዲዘጋጅ ደነገገ። ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ መጸዳጃ ለአረጋዊም እንደሚመች ግልጽ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል በግንበኛው እጅ ካልተተረጎመ ግን ለአረጋዊው አይደርሰውም።

ቅኝት፦ ከመኝታ እስከ መጸዳጃ

መሬቱን ሳያስቃኝ ጦሩን የሚያንቀሳቅስ አዛዥ የለም። እኛም በማግስቱ ከጓዳችን ጋር ተመልሰን፣ በልጃቸው ፈቃድ ከእማማ አልጋ ተነሥተን እስከ መጸዳጃው ድረስ እርምጃ በእርምጃ ሄድን። ርቀቱ አሥራ አራት እርምጃ ነበር። በዚህ አጭር ጎዳና ላይ ሰባት አደጋ ቆጠርን። የታጠፈ ምንጣፍ፣ መብራት የሌለው በረንዳ፣ ከፍ ያለ ደፍ፣ ለስላሳ ሊሾ፣ መሐል ወለል ላይ የቆመ የውሃ በርሜል፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ መያዣ የሌለው የቁጢጥ መጸዳጃ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ በአንድ ሌሊት በአንዲት የሰባ ዘጠኝ ዓመት እናት እግር ሥር ሲደረደሩ ግን ወጥመድ ነበሩ። አንባቢም ይህን ቅኝት በራሱ ቤት ቢያደርገው እንመክራለን። የሚደረገውም በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊት፣ አረጋዊው በሚነሡበት ሰዓት ነው።

በቅኝቱ መሠረት ሊስተካከሉ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

በርና ደፍ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም ተንሸራታች ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ አረጋዊው ከበሩ ጀርባ ቢወድቁ በአካላቸው ስለሚዘጋ ለረዳት አይከፈትም። ቁልፉም ከውጭ ሊከፈት የሚችል መሆን አለበት። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፈው ስፋት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በተቋም ደግሞ ወንበሩ የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ወለል ያስፈልጋል። ደፉ ቢነሣ ይመረጣል፤ ማንሣት ካልተቻለ በሲሚንቶ ረጋ ያለ ተዳፋት ይሠራለት።

ወለል። ሊሾና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለአረጋዊ ጠላት ናቸው። ሸካራ ፊት ያለው ወይም መጠኑ ትንሽ የሆነ ሴራሚክ ይሻላል፤ ትንንሹ ሴራሚክ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል። ሊሾን ማፍረስ ካልተቻለ ግንበኛው ፊቱን በመሮ አሻክሮ በሸካራ ሲሚንቶ ሊሸፍነው ይችላል። ውሃ እንዳይተኛ ወለሉ ወደ መውረጃው በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል ይበቃዋል። ከዚያ ከበለጠ ተዳፋቱ ራሱ ሚዛን ያሳጣል። ተነቃናቂ ምንጣፍና ጨርቅ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ አይነጠፍ።

መቀመጫ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ለደከመ ጉልበት ከባድ ነው። የመቀመጫው ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አረጋዊው እግራቸው መሬት ረግጦ ያለ ብዙ ጭንቅ ይነሣሉ። የቁጢጥ መጸዳጃን አፍርሶ ሌላ ለመትከል አቅም ባይኖር፣ አናጢ ከጠንካራ እንጨት ክንድ ማሳረፊያና መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ወንበር ሠርቶ በላዩ ሊያቆም ይችላል። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ጎማ ይልበሱ፤ ወንበሩም እንዳይገለበጥ ከወለሉ ጋር ይታሰር።

መያዣ ብረት። ይህ የሥራው ሁሉ ዋና ነው። በመጸዳጃው ጎንና በመታጠቢያው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚተከል፣ ውፍረቱ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ብረት ያስፈልጋል። በብረቱና በግድግዳው መካከል ጣት ብቻ የሚያስገባ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ክፍተቱ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። በአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ መሠረት እንዲህ ያለው መያዣ 113 ኪሎ ግራም ያህል ጫና መቻል አለበት። ፎጣ መስቀያና የውሃ ቧንቧ ይህን ስለማይችሉ ለመያዣነት ፈጽሞ አይታመኑ፤ የእማማን አንጓ የሰበረው ይኸው አጉል እምነት ነው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር አይዝም። ብረቱ የሚያርፍበት የብሎኬት ቀዳዳ በኮንክሪት ይሞላ፤ ወይም ቡሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከወዲያ ማዶ በሰሌዳ ብረት ይታሰር። ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የጅቡቲ አሮጌ ሠፈሮች የእንጨትና የቆርቆሮ ከሆነ፣ መያዣው በግድግዳው ላይ ሳይሆን ከወለሉ በኮንክሪት ተተክሎ ይቁም። የባሕሩ ጨዋማ አየር ተራውን ብረትና ቡሎን በጥቂት ጊዜ ስለሚበላው፣ በወደብ ከተማ ከማይዝግ ብረት የተሠራውን መግዛት ያዋጣል። ተራ ብረት ከሆነ ግን በቀለም መሸፈንና በየጊዜው መነቅነቅ፣ መፈተሽ ያስፈልጋል።

መታጠቢያ። ቆሞ መታጠብ ይቅር። የማይንሸራተት ወንበርና በእጅ የሚያዝ ባለ ጎማ ሻወር፣ ወይም ባልዲና ጣሳ በጉልበት ከፍታ ላይ በሚገኝ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ አረጋዊው ሳይጎነበሱ ይታጠባሉ። ለውዱእ ደግሞ ዝቅ ያለ ቧንቧና ከፊት ለፊቱ አንድ መቀመጫ ቢዘጋጅ፣ እግርን ወደ ላይ ማንሣቱ ይቀራል።

የውሃ ሙቀት። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፤ ትኩሳትንም ዘግይቶ ያስታውቃል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በ5 ሰኮንድ ገደማ ክፉ ቃጠሎ ያደርሳል። በእንግሊዝ አገር የመጦሪያ ቤቶች መመሪያ የገንዳ ውሃ ከ44 ዲግሪ እንዳያልፍ ያዛል። በጅቡቲ አንዳንዱ ቤት የውሃ ማሞቂያ ባይኖረውም፣ በጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ በፀሐይ ስለሚግል ከቀትር በኋላ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ራሱ ያስደነግጣል። ሮቶውን ጥላ ማልበስ፣ መክደኛውን መዝጋትና ውሃውን በክርን ቀምሶ ማፍሰስ ልማድ ይሁን። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንዳንድ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ስለሚራቡ ሮቶው በየጊዜው ይታጠብ።

የውሃ ማጠራቀሚያ። ከተማይቱ ለረጅም ዘመን በጨዋማ የጉድጓድ ውሃ የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከኢትዮጵያ ሐዳጋላ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ፣ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የተመረቀው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ታክለውላታል። ሆኖም ውሃ የማጠራቀም ልማድ በእማማ ቤት አልቀረም። ማጠራቀሙ መልካም ነው፤ በርሜሉ ግን ከመተላለፊያው ወጥቶ በጥግ ይቁም።

ብርሃንና ቀለም። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ሌሊቱን በሙሉ የሚበራ አነስተኛ አምፖል ይኑር። ማብሪያው ከአልጋው ሳይነሡ የሚደረስበት ይሁን። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወለል፣ ነጭ መቀመጫ ለደከመ ዓይን አንድ ላይ ይቀላቀላሉ። መቀመጫውና መያዣው ከግድግዳው በተለየ ቀለም ቢቀቡ ዓይን ይመራባቸዋል። አእምሯቸው ለሚዘነጋ አረጋውያን የሚያብረቀርቅ ወለል የተኛ ውሃ ሊመስላቸው፣ በመስታወት የሚያዩት የራሳቸው መልክም እንግዳ ሰው ሊመስላቸው ስለሚችል ይህም ይታሰብበት።

መጥሪያ። በተቋም ውስጥ የመጥሪያው ገመድ እስከ ወለሉ አጠገብ ድረስ መውረድ አለበት፤ ወድቆ መሬት የተኛ ሰው ከፍ ያለውን አይደርስበትም። በግል ቤት አንዲት ትንሽ ቃጭል በዝቅታ ብትንጠለጠል ይህንኑ ታገለግላለች።

ክብርን ስለ መጠበቅ

ውድ የጓዶቻችን ባለቤቶች! ባሎቻችሁ በግዳጅ ላይ ሳሉ አማቶቻችሁን የምትጦሩት፣ ቀንም ሌሊትም የምታነሡና የምታስቀምጡ እናንተ መሆናችሁን እናውቃለን። ስለዚህ የሚከተለው ምክር ከእናንተው ልምድ ጋር እንደሚስማማ ተስፋ እናደርጋለን።

አረጋዊ ሰው ከስብራት ይልቅ ውርደትን ይፈራል። አማት በምራቷ እጅ፣ አባት በልጁ ሚስት ፊት ልብስ ማውለቅ ይከብደዋል። ስለዚህ ራሳቸው ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ ራሳቸው እንዲያደርጉ መተው፣ ለቀረው ብቻ እጅ መስጠት ይገባል። ሲታጠቡ ነጠላ ወይም ፎጣ በትከሻና በጭን ላይ አድርጎ በየተራ እየገለጡ ማጠብ ይቻላል። ከመንካት በፊት «አሁን ጀርባዎን ላጥብ?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለተጠያቂው ግን የቤቱ ባለቤት መሆኑን ያረጋግጥለታል። በመጦሪያ ቤቶችም በሩ ክፍት ሆኖ ማጠብ ሊቀር፣ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት እንድትረዳ ሊደረግ ይገባል።

ከአልጋ ሲነሡም በጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ራሳቸውን ካረጋጉ በኋላ እንዲቆሙ ማስለመድ ይጠቅማል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በማለዳ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ጫማቸውም የተረከዝ መያዣ ያለው ይሁን፤ ያለቀ ነጠላ ጫማ አይደረግ። ደግሞም ቢወድቁ በድንጋጤ ጎትቶ ማንሣት ክልክል ነው። ጭናቸውን ወይም ወገባቸውን ከታመሙ፣ ወይም እግራቸው ተጣሞ ከታየ፣ በተኙበት ትራስ ደግፎ፣ ልብስ አልብሶ እርዳታ መጥራት ይገባል።

በእማማ ቤት ምን ተሠራ?

ሥራው ሦስት ጠዋት ፈጀ። ከቀትር በፊት መሥራት የግድ ነበር። በያጁ ሁለት መያዣ ብረት ሠራ፤ ከወለሉም በኮንክሪት ተተከሉ። አናጢው ወንበሩን አቀረበ። ሊሾው ተሻከረ፤ ደፉ በተዳፋት ተተካ፤ በሩ ተገልብጦ ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆነ። በርሜሉ ወደ ጥግ ሄደ። በበረንዳው ላይ አንድ አምፖል ተንጠለጠለ። ጓዳችን የመጨረሻውን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ በሁለት እጁ ብረቱን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ አልተነቃነቀም። እማማ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ነበርና፣ «አንተን ከቻለ እኔን አያቅተውም» ብለው ሳቁ።

እኛ ወደ ሥራ ገበታችን ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓዳችን ለአክስቱ ስልክ ደወለ። ስለ ጤናቸው ሲጠይቃቸው የመለሱለትን እንዲህ ነገረን፦ «ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ማንንም አልቀሰቀስሁም። ተመልሼም አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ ተኛሁ።»

ለዓመት ፈቃድ ወደ ወላጆቻችሁ የምትጓዙ ጓዶች ለእናታችሁ ቀሚስ፣ ለአባታችሁ ጋቢ መያዛችሁ የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። በዚህ ዓመት ግን ጋቢውን ካለበሳችሁ በኋላ፣ ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃቸው ያለውን መንገድ በሌሊት አንድ ጊዜ ሂዱበት። ፈቃዳችሁ ከማለቁ በፊትም በያጅና ግንበኛ ጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ያ ሥራ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን አይበልጥም።